«ጎበዝ ልጅ የትም ጎበዝ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ወላጆች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ጎበዝ ልጅ የትም ጎበዝ ነው» ይላል። የጻፉት እህታችን ልጆቻቸውን እዚሁ አሜሪካ ያሳደጉ እናት ናቸው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ልዩ ተሰጥኦ አላቸው» እያሉ ልጆችን ለይተው የሚያስተምሩበት አሠራር የሀብታሞች ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የኛን ልጆች አያሳይም፤ ከፈተና ይልቅ መምህሩ ይወስን፤ ጎበዞቹ ሲወጡ የቀሩት ይጎዳሉ፤ የወጣውም ልጅ ወይ ይታበያል ወይ ይጨነቃል፤ ጎበዝ ልጅ ደግሞ የትም ቢቀመጥ ጎበዝነቱ አይጠፋም። ስለዚህ አሠራሩ ጨርሶ ይቅር፣ ለዚህም ፊርማ እናሰባስብ ይላሉ።

እኔ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። የእህታችን ጽሑፍ ከልብ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። ቁጭታቸውም የኔ ቁጭት ነው። ያቀረቡት መፍትሔ ግን የሚጎዳው ያንኑ የተቆጩለትን ልጅ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «የሀብታም ልጆች ፕሮግራም ነው» የሚለውን እንየው። ግማሹን እቀበላለሁ። በብዙ ቦታ እነዚህን ክፍሎች ገብታችሁ ብታዩ የምታገኙት የሐኪምና የጠበቃ ልጅ ነው፤ የታክሲ ነጂና የነርስ ረዳት ልጅ እምብዛም የለም። ግን ለምን እንዲህ ሆነ? እህታችን «የተሠራው ለእነሱ ስለሆነ ነው» ብለው አለፉት። እኔ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው እላለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ባለ ተሰጥኦ ልጆችን ለይታችሁ አስተምሩ ብሎ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ለአካል ጉዳተኛ ልጆች አለ፤ ለእነዚህ ግን የለም። በ1988 የወጣው የጃቪትስ ሕግ ለምርምርና ለሙከራ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ትምህርት ቤትን አያስገድድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስቴት፣ ከዚያም እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ የራሱን መንገድ ያወጣል። ብዙው ወረዳ ለረጅም ጊዜ የተከተለው መንገድ ደግሞ ጥቆማ ነው። ወላጅ ይጠይቃል ወይም መምህር ይጠቁማል፣ ከዚያ ልጁ ይፈተናል። የሚጠይቀው ማነው? አሠራሩን የሚያውቀው ነው። ልጁ ሳያልፍ ሲቀር ይግባኝ የሚለው፣ ብዙ መቶ ዶላር ከፍሎ በግል የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያስፈትነው ማነው? አቅሙ ያለው ነው። የኛ ወላጅ ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ማታ ደክሞት ገብቶ፣ የልጁ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አያነብም። ቢያነብም «ትምህርት ቤቱ ያውቅ የለ እንዴ» ብሎ ያምናል። እኛ መምህር አክብረን ያደግን ሰዎች ነን።

አሁን አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ ካውንቲ አለ፤ ከአገሪቱ ትልልቅ የትምህርት ወረዳዎች አንዱ ነው። እዚያም የሚሠራበት በጥቆማ ነበር። በ2005 ቀየሩት። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ፣ ማንም ሳይጠይቅለት፣ በትምህርት ሰዓት አጭር ፈተና እንዲወስድ አደረጉ። ጥሩ ነጥብ ያመጣው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተልኮ ሙሉውን የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ይወስዳል፣ ወላጅ አይከፍልም። ለውጡን ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች አጠኑት። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሰው ናቸው። ያዩት ነገር ይህ ነው፦ ከድሃ ቤተሰብ ከመጡና እንግሊዝኛ ገና ከሚማሩ ልጆች መካከል ባለ ተሰጥኦ ተብሎ የሚለየው ድርሻ በ180 በመቶ ጨመረ። የሂስፓኒክ ልጆች በ130 በመቶ፣ የጥቁር ልጆች በ80 በመቶ። ለማለፍ የሚያስፈልገው ነጥብ አልተቀነሰም፤ ያው የድሮው መመዘኛ ነው። ልጆቹ ድሮም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር፣ ያያቸው ሰው ነበር የጠፋው። በኋላ በጀት ሲጠብ ወረዳው ለሁሉም የሚሰጠውን ፈተና ተወው። ልዩነቱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

እህታችን ይህን ቢያዩት ኖሮ «ይዘጋ» ባላሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ ያለው ልጅ በሚመረጥበት መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ ትምህርቱን መዝጋት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው።

በነገራችን ላይ መዘጋቱ ትክክል የነበረም አለ። ኒውዮርክ ከተማ ለዓመታት የ4 ዓመት ሕፃናትን ትፈትን ነበር፤ ያውም ወላጅ ያስመዘገበውን ብቻ። የ4 ዓመት ልጅ ያን ዕለት እንቅልፍ ከመጣበት ዕድሉ አለቀ ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ደግሞ አስጠኚ ይቀጥራል። ያ ፈተና በ2021 ቀረ፣ ደግ ሆነ። ፈተናው መጥፎ ነበር ማለት ግን ከትምህርቱ ፈጥነው የሚሄዱ ልጆች የሉም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ነው። ይህ ሁሉም ቦታ እውነት አይደለም። ናግሊየሪ የሚባለው ፈተና ቅርጽ ነው። ልጁ የጎደለውን ቅርጽ ከተሰጡት አማራጮች ይመርጣል፤ የሚነበብ ታሪክ የለውም። ኮግአት የሚባለው ደግሞ ሦስት ክፍል አለው፦ የቃል፣ የቁጥርና የቅርጽ። ለትንንሾቹ ክፍሎች የሚሰጠው በአብዛኛው በሥዕል ነው። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሁለቱንም ሲሰጥ ቆይቷል።

ይሁንና የቃል ክፍሉ ላይ ቋንቋው ገና ያልገባው ልጅ እንደሚጎዳ አልክድም። ኮግአትን ለዓመታት ሲያዘጋጁ የኖሩት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሎማን ራሳቸው ሲመክሩ የነበረው ልጁን ተመሳሳይ የመማር ዕድል ካገኙ ልጆች ጋር አወዳድሩት ብለው ነው። እዚህ አገር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ እዚሁ ተወልዶ በየማታው መጽሐፍ ከሚነበብለት ልጅ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግራችሁም። ከሱ ጋር ከመጡት ጋር ስታወዳድሩት ግን የትኛው እየፈጠነ እንደሆነ ወለል ብሎ ይታያል። ፍሎሪዳም ለዚህ ነው እንግሊዝኛ ለሚማሩና ለድሃ ልጆች የተለየ መነሻ ነጥብ እንዲኖር የፈቀደችው፤ ብሮዋርድ ከሌሎች 130 የአይኪው ነጥብ ሲጠይቅ ከእነዚህ 116 ነበር የሚጠይቀው፣ ይህም ከ2005ቱ ለውጥ በፊት የነበረ ነው። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲም የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልዩ ማዕከላት ለሚገቡት ልጆች ውጤት ሲያይ፣ ተመሳሳይ የድህነት መጠን ካላቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር ማወዳደር ከጀመረ ቆይቷል። ማመልከቻም አይጠይቅም፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይታያል።

እዚህ ላይ እህታችን አንድ ያሳዘነኝ ነገር ጽፈዋል። «ኢሶል ያለ ልጅ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ያጥራ፣ ሌላው ይደርሳል» ይላሉ (ኢሶል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ነው)። አይደርስም! ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆችን በሥራዬ አያለሁ። ሁለተኛ ክፍል ገብቶ ማባዛትና ማካፈል በልቡ የሚሠራ ልጅ፣ እንዴት እንደሠራው በእንግሊዝኛ ማስረዳት ስላቃተው ብቻ ከ20 በታች መደመር ሲለማመድ ይውላል። ቋንቋው እስኪጠራ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። በነዚያ ዓመታት ሒሳቡ ቆሞ ይጠብቀዋል እንዴ? ቋንቋውንም ይማር፣ ከበድ ያለውንም ሒሳብ ይሥራ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሦስተኛው «ፈተና ይቅር፣ መምህር ይወስን» ነው። ከሁሉም ይልቅ የምቃወመው ይህን ነው። መምህራንን ስለማልወድ አይደለም፣ አብሬያቸው ነው የምውለው። ግን ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጄሰን ግሪሰምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። በአገር አቀፍ መረጃ ተመሳሳይ የንባብና የሒሳብ ውጤት ያላቸውን ልጆች አወዳደሩ። ጥቁሩ ልጅ ወደ ተሰጥኦ ፕሮግራም የመግባት ዕድሉ ከነጩ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ልዩነቱ በተለይ የሚታየው መምህሩ ጥቁር ካልሆነ ነው፤ ጥቁር መምህር ያላቸው ጥቁር ልጆች ከነጮቹ ጋር ተቀራራቢ ዕድል ነበራቸው። ይህ ከክፋት የመጣ ነው አልልም። ሰው የሚያየው የሚያውቀውን ነው።

የኛን ልጆች ደግሞ አስቡት። ቤት ውስጥ የምንላቸው ምንድን ነው? ትልቅ ሰው ሲናገር አትመልስ፣ ዓይን ለዓይን አትፍጠጥ፣ ካልተጠየቅክ አትናገር፣ አንገትህን ደፍተህ ተማር። ጨዋ ልጅ ማለት ለኛ እንዲህ ነው። እዚህ ያለው መምህር «ይህ ልጅ ልዩ ነው» የሚለው ግን እጁን እያወጣ የሚጠይቀውን፣ «ለምን?» እያለ የሚከራከረውን፣ ስለ ዳይኖሰር ሳያቆም የሚያወራውን ነው። የኛው ልጅ ሥራውን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ዝም ይላል። መምህሯ በወላጅ ስብሰባ ላይ «በጣም ጨዋ ልጅ ነው» ትለናለች፣ እኛም ደስ ብሎን እንመለሳለን። ስለ ችሎታው ያወራ ሰው የለም። ሴት ልጅ ሲሆን ይብሳል። የብሮዋርዱ ጥናትም በጥቆማ ሲሠራ ሴቶች ልጆች ጭምር ይታለፉ እንደነበር አሳይቷል።

የመምህር አስተያየት ይካተት፣ ትክክል ነው። ብቻውን በር ጠባቂ አይሁን ነው የምለው። በርግጥ ፈተናም ብቻውን አይወስን። በ1921 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ ተሰጥኦ ልጆችን ለማጥናት ሲነሳ መጀመሪያ በመምህራን ጥቆማ፣ ከዚያ በአይኪው ነጥብ ነበር የመረጠው። ነጥባቸው አልደረሰም ተብለው ከጥናቱ ከቀሩት ልጆች ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ አድገው በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ፤ አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያላለፈ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይታይ። የሜሪላንድ ደንብ ይህን በጥሩ አስቀምጦታል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ሁሉም ልጅ ይታያል፣ በየወረዳው ቢያንስ 10 በመቶው፣ ከሀብታሙም ከድሃውም ሰፈር ትምህርት ቤት ይለያል፣ በኋላም በከፍተኛዎቹ ክፍሎች ዳግም ይታያል። ደንቡ በወረቀት ላይ እንዳይቀር መከታተል የኛ ፈንታ ነው።

«የቀሩት ይጎዳሉ» ለሚለው ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም እዚያው ብሮዋርድ መልስ አለው። ወረዳው አንድ ደንብ ነበረው። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ደረጃ አንድ እንኳ ባለ ተሰጥኦ ልጅ ካለው፣ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል የተለየ ክፍል መክፈት አለበት። የተለዩት ልጆች ክፍሉን ስለማይሞሉት የቀረው ወንበር ባለፈው ዓመት ፈተና ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ሌሎች ልጆች ይሰጣል። እነዚያው ሁለት ኢኮኖሚስቶች ያጠኑት እነዚህን በወንበር ትርፍ የገቡትን ልጆች ነው። ጥቁሮቹና ሂስፓኒኮቹ በንባብም በሒሳብም በጣም ተሻሻሉ፤ በሌላው ክፍል የቀሩት ልጆች ላይም የታየ ጉዳት የለም። በደንብ አስቡት፤ በፈተና «ባለ ተሰጥኦ» ያልተባለ ልጅ እንኳ ከበድ ያለ ትምህርትና ከሱ የሚጠብቅ መምህር ሲያገኝ ይለወጣል። ይህ ለኔ ክፍሎቹ ይስፉ የሚያሰኝ ማስረጃ ነው።

ትዕቢትና ጭንቀት ላይ ያነሱት የእናት ጭንቀት ነው፣ አከብረዋለሁ። ልጅን «አንተ ሊቅ ነህ» እያሉ ማሳደግ ጥሩ አይደለም። ግን ልጅን በችሎታው ልክ ማስተማርና ማሞካሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1971 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጁሊያን ስታንሊ በሒሳብ የላቁ ወጣቶችን መከታተል ጀመሩ። ክትትሉ ከእሳቸው በኋላም ቀጠለ። ከ1,600 በላይ የሚሆኑት 50 ዓመት ሲሞላቸው የሥነ ልቦና ሁኔታቸው ታየ። ክፍል የዘለሉት፣ ትምህርት ያፋጠኑት፣ በዚህ የተነሳ አልተጎዱም።

ደግሞስ ይህ ለኛ እንግዳ ነገር ነው? በኛ አገር ደብል የመታ ልጅ የሰፈር ኩራት ነበር። ዓመቱ አጋማሽ ላይ «ይህ ልጅ ይህን ክፍል ጨርሶታል» ተብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፣ ከትልልቆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይማራል። በቄስ ትምህርት ቤትም ልጅ በዕድሜው አይቆለፍም። ፊደል የለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ ያጠራ ወደ ዳዊት፣ ዳዊት የደገመ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ያልፋል። የዘገየውም በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ የፈጠነውን «ጓደኞችህን ጠብቅ» የሚለው የለም። እንዲህ ካለ ባህል መጥተን ልጅ እንደ ችሎታው ይሂድ ማለትን የፈረንጅ ነገር አድርገን ማየታችን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። «ጎበዝ ልጅ የትም ጎበዝ ነው»።

ይህን አባባል ብዙዎቻችን እናምነዋለን። በኩራዝ አጥንተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰዎችን ስለምናውቅ ነው። የማናውቃቸው በኩራዝ አጥንተው ያልደረሱትን ነው። እኔ በሥራዬ የማየው ይህን ነው። ልጁ የሚማረውን ቀድሞ ያውቀዋል። ወረቀቱን ይጨርሳል፣ «ቁጭ ብለህ አንብብ» ይባላል። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም እንዲሁ። አንዳንዱ መረበሽ ይጀምራል፤ ያኔ ስሙ በሌላ መዝገብ ይገባል፣ በተለይ ጥቁር ወንድ ልጅ ከሆነ። ሌላው ዝም ብሎ ይደበዝዛል። ሦስተኛው ደግሞ ሳይለፋ ኤ እያመጣ ያድግና፣ ስድስተኛ ሰባተኛ ክፍል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከብድ ነገር ሲገጥመው «እኔ ለካ ጎበዝ አይደለሁም» ብሎ ይተወዋል። መታገልን ያስተማረው አልነበረማ። ወላጆቹ በዚህ ጊዜ የሚሉት «በልጅነቱ እንዴት ያለ ቀለሜ ነበር እኮ» ነው።

እሺ፣ እህታችን እንዳሉት አሠራሩ ይቅር እንበል። የሀብታሙ ልጅ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ማታ ኩሞን (በክፍያ የሚያስጠና ቦታ) ይወስዱታል፣ በክረምት የሒሳብ ካምፕ ይከፍሉለታል፣ ካልሆነም የግል ትምህርት ቤት ያስገቡታል። ያንን በገንዘቡ መተካት የማይችለው የኛ ልጅ ነው። ለሱ ከባድ ትምህርት በነፃ የሚያገኝበት ቦታ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ነው፣ እኛ ግን ያንኑ ዝጉልን ብለን ልንፈርም ነው።

አንድ የተናገሩት ነገር ግን ከልቤ ነው የምስማማበት። «ተለዩ የሚባሉት ልጆችስ ምን አገኙ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሬዲንግና ግሪሰም በ2021 እንዳሳዩት በአገር አቀፍ ደረጃ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያመጡት ለውጥ ትንሽ ነው፤ ንባብ ላይ ትንሽ፣ ሒሳብ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ፤ የጥቁርና የድሃ ልጆች ላይ ጭራሽ የሚታይ ጥቅም አላገኙም። ብዙ ቦታ «ፕሮግራም» የሚባለው በሳምንት አንድ ሰዓት ከክፍል ወጥቶ እንቆቅልሽ መሥራት ስለሆነ ይመስለኛል። ልጅን «ተለይተሃል» ብሎ ወረቀት መላክ ትምህርት አይደለም። ሞንጎመሪ ላይም ያለው ቅሬታ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ከ2020 ወዲህ ወደ ማዕከላቱ የሚገባው መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በዕጣ ነው፤ ዕጣ ያልወጣለት ልጅ በራሱ ትምህርት ቤት የዳበረውን ትምህርት ያግኝ ተብሏል። ልጃችሁ ይህ ዕጣ ካልወጣለት ጉዳዩን እዚያ አትተዉት። በትክክል የትኛውን ትምህርት፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው መምህር እንደሚያገኝ ጠይቁ። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር በፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ ያለበት ግዴታ ነው፣ ውለታ አይደለም፣ ልጃችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉት። ሞንጎመሪም ፌርፋክስም ብዙ ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ያወጣሉ።

ፊርማውን በተመለከተ፣ እህታችን ወላጆችን ማስተባበር እንደሚችሉ አሳይተዋልና ወረቀቱን እንለውጠው እላለሁ። ሦስት ነገር እንጻፍበት። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም እያንዳንዱ ልጅ ማንም ሳይጠይቅለት፣ በትምህርት ሰዓት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይታይ። ውጤቱ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ተጽፎበት ይላክ። መስፈርቱን ላሟላ ልጅ ሁሉ ወንበር ይኑር፤ በማዕከሉ ከሞላ በራሱ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚሰጥ ክፍል ይከፈት። ይህን ይዘን የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ ብንቀርብ እኔ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነኝ፤ እህታችን ቢያቀርቡት ደግሞ ከኔ የተሻለ ይደመጣሉ።